በሰው አገር ያወለቅሁት ጫማ

ቲኬት ቆራጩ ቀና ብሎ አየኝና በማራቲ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዝም አልሁ። በሂንዲ ደገመልኝ። አሁንም ዝም አልሁ። ከመስኮቱ አጠገብ የተለጠፈው ሰሌዳ ለሕንዳዊ 10 ሩፒ፣ ለውጭ አገር ሰው 250 ሩፒ ይላል። መቼም መልኬ ከደቡብ ሕንድ ሰው ብዙም አይለይ፤ በፑኔ ከተማ በተማርሁባቸው ሁለት ዓመታት የአውቶቡስ ረዳቱም ሆነ ሻይ ሻጩ እንደ አገሩ ልጅ ቆጥሮ ነበር የሚያዋራኝ። ዝምታዬን ትንሽ ባራዝመው 240 ሩፒ አተርፍ ነበር። አጠገቤ የቆመው የላስታ ልጅ ግን ጎኔን ጎሰም አደረገኝና፣ "ኧረ ተው! ቤተ መቅደስ ደጅ ቆመህ ልትዋሽ ነው?" አለኝ።

"ኢትዮጵያ" አልሁ ለቲኬት ቆራጩ።

የሰውዬው ፊት በራ። "ሀብሺ!" አለና እስክሪብቶውን ወደመጣንበት ኮረብታ ቀስሮ "ማሊክ አምበር! ማሊክ አምበር!" እያለ 250 ሩፒዬን ተቀበለኝ። ዝምድናው ዋጋ አላስቀነሰልኝም።

ጊዜው ጥር 2006 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ኤሎራ። ኤሎራ በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የሚገኝ ረጅም ገደል ነው። ያኔ አውራንጋባድ ትባል ከነበረችው ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በገደሉ ወገብ ላይ ቁጥር የተሰጣቸው 34 ዋሻዎች ተፈልፍለዋል። ከ1 እስከ 12 ያሉት የቡድሃ፣ ከ13 እስከ 29 ያሉት የሂንዱ፣ ከ30 እስከ 34 ያሉት ደግሞ የጃይን እምነት ተከታዮች ናቸው የሠሯቸው። ዩኔስኮ ኤሎራን እ.ኤ.አ. በ1983 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ላሊበላ የተመዘገበችው ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብላ ነው፤ ይህን የነገረኝ ጓደኛዬ ነው፣ ያውም በኩራት።

ስለ ሁለታችን ትንሽ ልበል። እሱ በላስታ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ ያደገ ነው። እኔ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስባት፣ የቦንኬ ወረዳ ዋና ከተማ በነበረችው በገረሴ፣ በጉምና በእንሰት መካከል ያደግሁ የጋሞ ልጅ ነኝ። ቤተሰቤ ወንጌላዊ ነው። ወደ ኤሎራ የሄድነው ለመጎብኘት እንጂ ለመሳለም አልነበረም። ካሜራ ይዘናል፣ ውሃ ይዘናል፣ ብስኩት ይዘናል። እንግዲህ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ዓይናችንን ልናጠግብ ነው።

* * *

16ኛው ዋሻ ካይላሳ ይባላል። ዋሻ መባሉ ራሱ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ከአንድ ዐለት የተጠረበ፣ ሰማይ የሚያየው ሙሉ ቤተ መቅደስ ነው። መጀመሪያ በጎን ባለው መንገድ ወደ ገደሉ አናት ወጣንና ቁልቁል አየነው። ሠራተኞቹ ከኮረብታው ጫፍ ጀምረው ዐለቱን በሦስት ወገን ቁልቁል ቆርጠው፣ መካከል ላይ አንድ ግዙፍ ድንጋይ አስቀሩ። ከዚያ ያን ድንጋይ ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ ጉልላት፣ ጣሪያ፣ መስኮት፣ ምሰሶ፣ ደረጃ አወጡለት። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ 200 ሺህ ቶን ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል። በጀርባው ባለው ገደል ላይ የመሮው ጭረት ዛሬም ተሰልፎ ይታያል።

ጓደኛዬ አንድ ቃል ሳይናገር ብዙ ቆየ። በመጨረሻ፣ "ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ስታየው እንዲህ ነው። ልክ እንዲህ!" አለ። ወዲያው ደግሞ ቅር እንዳለው ሁሉ፣ "መቼ ነው የሠሩት?" ብሎ ጠየቀኝ። ሥራው የተጀመረውና በአብዛኛው የተከናወነው ቀዳማዊ ክሪሽና በሚባል የራሽትራኩታ ንጉሥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ እንደሆነ ነገርሁት። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። ጓደኛዬ በጣቱ ቆጠረና ዝም አለ። ማን ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ ታየኝ። እኔም አላነሣሁበትም። የእሱን አገር ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመውለድ የትግራይ ገደሎች ይበቃሉ፤ ሕንድን አያትነት መጥራት አያስፈልግም። ደግሞ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሕልም ማለም ይችላሉ። ጓደኛዬም በመጨረሻ የፈረደው እንዲህ ብሎ ነው፤ "ለካስ ድንጋይ ጠርቦ የማይደክመው ሰው በየአገሩ አለ።"

ስለ ካይላሳ አሠራር በማራቲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የቆየ ትረካ አለ። ንጉሡ ታመመ። ንግሥቲቱ ሺቫ ለተባለው አምላክ፣ "ባሌን ብታድንልኝ ቤተ መቅደስ አሠራልሃለሁ፤ ጉልላቱንም እስካይ እህል አልቀምስም" ብላ ተሳለች። ንጉሡ ዳነ። ጠራቢዎቹ ተጠርተው ሲጠየቁ ሥራው ብዙ ወራት እንደሚፈጅ ተናገሩ። ንግሥቲቱ ልትሞት ነው! በዚህ ጊዜ ኮካሳ የሚባል አንድ ባለሙያ ተነሣና ጉልላቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደሚያሳያት ቃል ገባ። ሥራውን ከመሠረቱ ሳይሆን ከአናቱ ጀመረው። ጉልላቱ ቀድሞ ወጣ፤ ንግሥቲቱም ጾሟን ፈታች።

ይህን ስተርክለት ጓደኛዬ ሳቀ፤ "እኛ አገር መላእክት ሌሊት እየመጡ አገዙ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ረኀብ አገዘ" አለ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና እሱም ራሱ እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሰም።

* * *

ወርደን በበሩ ገባን። በበሩ ፊት ለፊት ላክሽሚ የተባለችው አምላክ በአበባ ላይ ተቀምጣ፣ ዝሆኖች ከላይ ውሃ ሲያፈስሱላት ተቀርጻለች። በግቢው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ዝሆን፣ አንድ አንድም ረጅም የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ዋናው ቤተ መቅደስ የተቀመጠበት መሠረት ዙሪያውን በዝሆኖችና በአንበሶች የተከበበ ነው። እንስሳቱ ያን ሁሉ ድንጋይ በጀርባቸው የተሸከሙ ይመስላሉ። በደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ባለ ብዙ ራሱና ባለ ብዙ ክንዱ ራቫና ከሥር ሆኖ የሺቫን ተራራ ሲነቀንቅ ይታያል፤ ከላይ ሺቫ ሳይደነግጥ ተቀምጧል። ካይላሳ የሚለው ስም የዚያ ተራራ ስም ነው። ሕንፃው ጥንት በነጭ ልስን ተለስኖ በረዶ የለበሰ ተራራ ይመስል ነበር ይላሉ፤ የልስኑ ቅሪት እዚህም እዚያም ይታያል።

ዝሆኖቹን ሳይ የትዝ ያለኝን ነገር ለመናገር አላፍርም። የዶርዜ ቤት ነው የታወሰኝ። በእኛ በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ ሠርተው በእንሰት ገለባ የሚያለብሱት ያ ረጅም ቤት፣ ፊቱ የዝሆን ፊት፣ መግቢያው የዝሆን ኩምቢ ይመስላል እየተባለ ለጎብኚ ይተረካል። ቤቱ ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ዓመት በዓመት እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ ያረጀ ሰው ይመስል ጎንበስ ብሎ ያልቃል። እዚህ ግን ዝሆኑ ከ1 ሺህ 200 ዓመት በላይ ቆሟል። የኛ ነገር ሁሉ ምስጥ የሚበላው መሆኑ ቆጨኝ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

በደረጃው ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጣን። ከደጃፉ ላይ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ጫማውን አውልቋል፣ አንዳንዱ አላወለቀም። እኔ ካሜራዬን ሳስተካክል ዘወር ብል ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ነው።

"ምን ነካህ? ያንተ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ" አልሁት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"እጄ ነው የፈታው" አለ ቀና ሳይል። "ድንጋይ ተፈልፍሎ የተገባበት ቤት በጫማ ገብቼ አላውቅም።"

ብቻዬን ጫማ አጥልቄ መግባት ነውር መሰለኝ። እኔም አወለቅሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። የብዙ ሺህ እግር አልሶታል። አዳራሹን 16 ምሰሶዎች ተሸክመውታል። ብርሃኑ ከደጅ በስሱ ይገባል። ውስጡ የሌሊት ወፍ ሽታ አለው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ስንጠጋ ሊንጋም የሚሉት የሺቫ ምልክት የሆነው ድንጋይ በሰፊ መቀመጫው ላይ ቆሟል። ከሱ በቀር ሌላ ጌጥ የለም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ተራራ ቆርጠው ያስቀመጡበት መካከል ይህ ነው፤ አንድ ለስላሳ ድንጋይ፣ ጨለማና ዝምታ።

ከድንጋዩ ፊት አንዲት አሮጊት ቆመዋል። የሴት ልጃቸው ይሁን የልጅ ልጃቸው፣ አንዲት ወጣት ክንዳቸውን ይዛለች። አሮጊቷ መዳፎቻቸውን ገጥመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ካሜራዬን አነሣሁ። የጎብኚ ነገር! ብርሃኑ ፊታቸው ላይ በጣም አምሮ ነበር። ገና ሳልጫን ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ጸሎታቸውን ጨረሱና ከዚያች ወጣት ፌስታል ውስጥ አንድ ነገር አውጥተው ወደ እኛ መጡ። ቁራጭ ኮኮናትና ስኳር ነው። ከዋሻዎቹ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ግሪሽነሽዋር የሚባል፣ ዛሬም ቀን ከሌት የሚመለክበት ታላቅ የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ፕራሳድ ነው። ፕራሳድ ማለት ለአምላክ ቀርቦ፣ በረከት ሆኖ ለሰው የሚመለስ ምግብ ነው።

ለጓደኛዬ ዘረጉለት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና በእንግሊዝኛም በምልክትም ጾመኛ መሆኑን አስረዳ። ወጣቷ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጾምማ እሳቸውም ያውቁታል። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉ።

እኔ ጾም የለኝም። ማመካኛ የለኝም። እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ።

* * *

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ካይላሳን ትቼ ወደ ገረሴ መመለሴን ይቅር በለኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እኔም የተመለስሁት ወደዚያው ነው።

አያቴ ከቤታችን በላይ፣ ከምንጩ ራስጌ አንድ የዛፍ ደን ነበረው። የሱ ነበር ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ጠባቂው እሱ ነበር። ጽድ፣ ኮሶ፣ ጥቂት ዝግባ። ማንም ዕንጨት አይለቅምበትም፣ ከብት አያስገባበትም። በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የማይደረግ ነገር ሲደረግ በሰውም፣ በከብትም፣ በአዝመራም ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው። ያን ደን መቁረጥ ጎሜ ነው። ገብስ ሲደርስ አያቴ ከዛፎቹ ሥር ገብቶ፣ የአዲሱን ገብስ ገንፎ በቅቤ አድርጎ ያቀርባል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዝናቡ ይለምናል። ከዚያ የተረፈውን በእንሰት ቅጠል ይዞ ይመጣና ለልጅ ልጆቹ ያካፍላል። እኛም ከቅቤው ክፍል እንጣላ ነበር።

14 ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ወንጌል ተቀበለ፤ እኛም ተከተልነው። እኔ ከሁሉ የባስሁ ሆንሁ። የሰባኪውን ቃል በቃሉ እደግም ነበር። በዚያ ዓመት አያቴ እንደ ልማዱ ቅጠሉን ይዞ መጣና ከሁሉ በፊት ለእኔ ዘረጋ፤ የመጀመሪያ ልጁ የበኩር ልጅ ነኝና።

"አልበላም" አልሁት። "የጣዖት ነው።"

ከአያቴ ጋር የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው። ጣዖት የሚለውን ግን ሰባኪው ሲለው የሰማሁት በአማርኛ ስለነበር በአማርኛ ነው ያልሁት። አያቴ አማርኛ አያውቅም። ግራ ገብቶት አየኝና፣ "ጣዖት ምንድን ነው? እኔ የያዝሁት ገብስ ነው" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዞር ብዬ ሄድሁ። ወንድሞቼም እኔን አይተው አልነኩም። አያቴ የምድጃው ዳር ተቀምጦ ድርሻውን ብቻውን በላ። የእኔን በቅጠሉ ጠቅልሎ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ሰካው። "ሲርበው ይበላዋል" አለ ለአያቴ ሚስት፣ ለሴት አያቴ። ገንፎው እዚያው ደረቀ። የሚመጣው ገብስ ሳይደርስ አያቴ ሞተ።

ከሱ በኋላ ለደኑ የሚቆምለት ሰው አልነበረም። ጽዱ ተቆረጠ፤ ዝግባው ተሰንጥቆ ጣውላ ሆነ። ቆራጮቹ ባዕዳን አልነበሩም፤ የራሳችን ሰዎች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር፦ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ የቤት ኪራዬና የቀለቤ ገንዘብ የተገኘው ከዚያው ዕንጨት ሽያጭ ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ፑኔ። ካይላሳ ደጃፍ ያደረሰኝ መንገድ የተነጠፈው በአያቴ ዝግባ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚያ አሮጊት ምግብ ዘርግተውልኝ የቆሙት በዚህ ሰው ፊት ነው።

ተቀበልኋቸው። በሁለት እጄ። በላሁትም። ኮኮናት ነው፣ ስኳር ነው፤ ጣፈጠኝ። ለጣዖት የተሠዋ ምግብ ስለ መብላት ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አውቀዋለሁ፤ በሰንበት ትምህርትም ተከራክሬበታለሁ። ልክ ሠራሁ ብዬ አልሟገትም። የተሰማኝ ግን የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። አንዲት የማላውቃት እናት እጅ ተዘርግቶ እንዳይቀር ስል ያደረግሁትን፣ ለአባቴ አባት አለማድረጌ ነው የታየኝ። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ራሴን ነካ አደረጉኝና ሄዱ። ጓደኛዬ ዓይኔን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም። የላስታ ሰው ዝም ማለት ያውቃል።

* * *

ወደ ከተማው ስንመለስ ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በኩልዳባድ ወረድን። የቲኬት ቆራጩ እስክሪብቶ የጠቆመው ወደዚህ ነው። ኩልዳባድ የቅዱሳን መቃብር የበዛባት የእስላም ከተማ ናት። ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ የተቀበረው እዚህ ነው። ከመቃብሮቹ መካከል ጉልላት ያለው አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የማሊክ አምበር መቃብር ነው።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወለደ። የታሪክ ጸሐፊዎች የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበረ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹም አገሩ ከምባታ ነው ይላሉ። ከምባታ ማለት ከእኛ ከጋሞ ወላይታን ተሻግሮ ያለ አገር ነው፤ ጎረቤት ማለት ይቻላል። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ። በየመን ሞካ፣ ከዚያም በባግዳድ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በባግዳድ ያስተማረው ጌታው አምበር የሚል ስም አወጣለት፤ እስላምም ሆነ። ቀጥሎ ወደ ሕንድ ተወስዶ ለሌላ ጌታ ተሸጠ፤ የገዛው ሰው ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ፤ ወታደር ሆነ፣ የጦር አዝማች ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1600 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የአሕመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት አስተዳደረ። ታላቁን የሙጋል ጦር በደፈጣ ውጊያ እያዋከበ አላስገባም አለ። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦርነት ቢያቅተው የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቶ ተጽናና። ያችን ከተማም በ1610 ካድኪ ብሎ የመሠረታት እሱ ነው፤ ውሃም በመሬት ውስጥ ቦይ አመጣላት። ልጁ ስሟን ቀየረው፤ አውራንግዜብ አውራንጋባድ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች።

ከመቃብሩ ደጃፍ ለሁለተኛ ጊዜ ጫማችንን አወለቅን። ውስጡ ጭር ያለ ነው። ጓደኛዬ፣ "አገሬ ገባሁ ብሎ ያውቅ ይሆን?" አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። የቻፑ አያት ምን ዓይነት ዛፍ ሥር ይለምን ነበር? በየትኛው ቅጠል ላይ ያለ ምግብ ነበር ለልጁ የሚያካፍለው? ቻፑ ይህን ሁሉ የተነጠቀው በገመድ ታስሮ ነው። ስሙንም፣ ቋንቋውንም፣ የአያቱንም ምድጃ። እኔን ማን አሰረኝ? ማንም። በራሴ እግር፣ ዞር ብዬ ነው የሄድሁት።

* * *

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። በአውቶቡሱ ውስጥ ተረቱን ሳመላልሰው አደርሁ። የሰው አገር መቅደስ ማክበር ቀላል ነው። ቲኬት አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ የተመዘገበበት ዓመት አለው። ከእኔ የሚጠይቀኝ ነገርም የለም፤ ጫማዬን አውልቄ፣ አድንቄ፣ ጫማዬን አጥልቄ እሄዳለሁ። የአያቴ ደን ግን ቲኬት አልነበረውም። ይባስ ብሎ የእኔ ነበር፤ ስለዚህ አሳፈረኝ።

ያን ቀን በዝሆኖቹ ፊት የተሰማኝ ቅናትም ልክ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። የኛ ሰዎች ምንም አልሠሩም ብዬ ነበር የቆጨኝ። የካይላሳ ሰዎች ቤተ መቅደሳቸውን የሠሩት በመቁረጥ ነው፤ ላሊበላም እንዲሁ፤ ትርፉ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቶ የቀረው መቅደስ ሆነ። የገረሴ ሽማግሌዎች መቅደሳቸውን የሠሩት ደግሞ ባለመቁረጥ ነው። አባት ለልጅ "እዚህ ምሳር አይገባም" እያለ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየታገሠ። ይህም ሥራ ነው። ምናልባትም ከባዱ እሱ ነው፤ የድንጋዩ ሥራ አንድ ቀን ያልቃል፣ ያለመቁረጥ ሥራ ግን አንድ ቀን ካቋረጡት ያን ቀን ይፈርሳል። እኛ በአንድ በጋ አፈረስነው።

አያቴን ፍጹም ላደርገው አልፈልግም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው እኩል የማይታዩበት ጊዜ ነበር፤ የፈራም የተበደለም ሰው ነበር። አባቴ ወንጌልን የተቀበለው በቅን ልብ ነው፤ እኔም ዛሬ ወደ አያቴ እምነት አልተመለስሁም። ግን አንድን ነገር መተው ሌላ፣ መናቅ ሌላ። "አያቴ፣ እኔ አሁን በሌላ መንገድ ነው የምለምነው፤ ግን ከእጅህ እበላለሁ" ማለት ይቻል ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ይህን አላወቀም። ያስተማሩትም አላወቁም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ከተፈጸመው ግድያ በኋላ፣ በቁጣ አደባባይ የወጡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው እንዴት እንዳስቆሟቸው አገር ሁሉ በምስል አይቷል። ያን ሣር መርገጥ አይቻልም። አገሩ አደነቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ግን ምስሉን ሳየው ሣሩ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ሣሩን የማያስረግጠው ሥርዓት ዛፉን ከማያስቆርጠው ሥርዓት ጋር አንድ ቤት ያደገ ነው። ወጣቶቹን ያቆመው እኔ የናቅሁት ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ወደ ገረሴ ወጣሁ። ምንጩ አለ፤ ቀጥኗል። ዛፉ በመቆረጡ ነው ብዬ ጎሜን አልመሰክርም፤ ሰውም በዝቷል፣ ቧንቧም ተስቦለታል። ከራስጌው ያለው ቦታ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ከዱሮው ደን የቀረው አንድ ጎንበስ ያለ ኮሶ ብቻ ነው፤ ለጣውላ አይሆንም ተብሎ የተተወ። በዙሪያው የከብት ዱካ አለ።

ቆም አልሁና ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁ። መሬቱ እንደ ካይላሳ ወለል አልለሰለሰም፤ ጠጠርና የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፣ እግር ይወጋል። ጸሎት አላደረስሁም፤ የምለው ነገርም አልነበረኝም። ዝም ብዬ ቆምሁ። ከወዲያ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ብዙ አየኝ፣ አየኝና ቀረብ አለ።

"ጋሼ፣ ጫማው ጠቦህ ነው?" አለኝ በጋሞኛ።

"አዎ ልጄ" አልሁት። "ጠቦኝ ነው።"